የቀንድ ብዕርና ቀይ ቀለም

እኔ ፈሪ ሴት ነኝ። አስቀድሜ የምናገረው፣ ኋላ «እንዲህ የምትፈራ ሰው በበሽተኛና በሐኪም መሀል ያን ያህል ዘመን እንዴት ቆመች?» የሚለኝ እንዳይኖር ብዬ ነው። የቆምኩት እየፈራሁ ነው። ማታ ከክሊኒኩ ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጬ «ያንን ሰውዬ ግማሽ ክኒን ነው ያልኩት ወይስ ሙሉ?» እያልኩ ራሴን ስመረምር ቂርያት ማላኪ እደርስ ነበር። ጡረታ ስወጣ ፍርሃቱም አብሮኝ የሚወጣ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ፔንሲያውን፣ ጡረታውን፣ አልፈልግም ብሎ ሥራውን ቀጥሏል።

ሥራዬን በዕብራይስጥ «መጋሼሬት» ይሉታል። እኛ አስተርጓሚ እንለዋለን፣ ነገሩ ግን ከማስተርጎም ይሰፋል። ሐኪሙ የሚለውን ለእኛ ሰው፣ የእኛ ሰው የማይለውን ደግሞ ለሐኪሙ ማድረስ ነው። የእኛ ሰው ወገቡ ተቆርጦ ሊወድቅ እየደረሰ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ» ይላል። ሐኪሙ ይህን ሲሰማ «ቤሰደር፣ ጥሩ፣ ያላ፣ በሉ የሚቀጥለው ይግባ» ይላል። እኔ የምገባው እዚያ መሀል ነው። ሰውየው ሲወጣ ደግሞ የመድኃኒቱን አወሳሰድ በአማርኛ ጽፌ እሰጠዋለሁ፤ ማንበብ ባይችል ልጁ ወይ ጎረቤቱ ያነብለታል። ደመወዙ ብዙ አልነበረም፤ ስለ እሱ ከዚህ በላይ አላወራም።

አሁን በእኛ ቦታ የገቡት ልጆች ሁሉንም በስልክ ይልካሉ። በተሰናበትኩ ቀን አንዷ «አበራሽ፣ አንቺ እኮ በቀንድ ትጽፊ ነበር አሉ፣ እውነት ነው?» አለችኝ። እውነት ነው። ብዕሩ እስከ ዛሬ አለ። የማወራውም ስለ እሱ ነው።

መጀመሪያ የተመደብኩት ያቭኔ ነበር። እዚያ አያ ፈረደ የሚባሉ አንጋፋ አስተርጓሚ ነበሩ። የጎንደር ቀጥቃጭ ልጅ ናቸው፣ እንደ እኔው። እዚህ አገር እንደገቡ ያቭኔ አንድ የብረታ ብረት ፋብሪካ ውስጥ ቶርኖ ላይ ሠርተዋል። ወገባቸው እምቢ ሲላቸው ነው ክሊኒኩ ለሥራ የወሰዳቸው፤ ለራሳቸው ሊታከሙ መጥተው ወረፋ የሚጠብቀውን ሰው ሁሉ ሲያረጋጉ ስላዩዋቸው ነው ይባላል።

እሳቸው ከጠረጴዛ ማዶ ተቀምጠው በሽተኛ አነጋግረው አያውቁም። ዝቅ ያለች የልጆች ወንበር ነበረቻቸው፤ እሷን ይዘው ከሰውየው ጉልበት አጠገብ ይቀመጣሉ። ረጅም ሰው ስለነበሩ ጉልበታቸው አገጫቸው ድረስ ይመጣል። እኔ መጀመሪያ ሳየው ሳቄ መጥቶ ነበር። «ፊቱን ከሥር ካላየሽው አይነግርሽም» አሉኝ። ወረቀት ከመስጠታቸው በፊት «በሉ እስቲ ለእኔ ንገሩኝ» ይላሉ፤ በሽተኛው አወሳሰዱን በራሱ አፍ መልሶ ካልነገራቸው ወረቀቷ ከእጃቸው አትወጣም። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይሉኝ ነበር። «አንዴ ከጻፍሽ ወረቀቱ አይሰማሽም፣ አይመልስልሽም። ስለዚህ ስትጽፊ ፍሪ።»

ይህን ለእኔ መንገር ለዓሣ ዋና ማስተማር ነው።

እኔ መጀመሪያ በተራ እስክሪፕቶ ነበር የምጽፈው። አያ ፈረደ ጽሕፈቴን አዩና «ይህን ጉንዳን ነው የረገጠው?» አሉኝ። እውነትም የእኛ ፊደል በእስክሪፕቶ ይኮሰምናል፤ ቋሚው መወፈር፣ አግዳሚው መቅጠን አለበት፣ አለበለዚያ ዓይኑ የደከመ ሰው አንዱን ከአንዱ አይለይም። እሳቸው ራሳቸው በሠሩት የቀንድ ብዕር ነበር የሚጽፉት። ከጥቂት ወራት በኋላ ለእኔም አንድ ሠሩልኝ።

ቀንዱን ያመጡት ጋን ያቭኔ አጠገብ ከብት ከሚያረባ ሰው ነው። አፍልተው ውስጡን አወጡና በቶርኖ አለዘቡት፤ ቡናማ ሆኖ ወደ ጫፉ ማር የመሰለ ነገር ይታይበታል። አፉን ከማይዝግ ስስ ብረት ቆርጠው በሞረድ ሳሉት፤ ጫፉን እንደ መቃ ብዕር ሰያፍ አደረጉት። መሀሉን የሰነጠቁበት መጋዝ ከክር አይወፍርም። የቢላ መሳያ ድንጋይ ላይ ዘይት ጠብ አድርገው ሲያሹት ጆሯቸውን አስጠግተው ይሰሙ ነበር። «ሲፍቅ ይሰማል። ድምፁ ሲጠፋ አልቋል» አሉኝ። ከአፉ ሥር ቀለሙን ከሆዱ የሚያወርድ ጥቁር ጠንካራ ላስቲክ አለ። ቀለሙ የሚሞላው በጠብታ ነው፤ ለሕፃናት ቫይታሚን በምንሰጥበት መጨመሪያ። የተማሪ ልጆች ሰማያዊ ቀለም ነው፣ ልብስ ላይ ቢፈስ በውኃ የሚለቅ።

ይህ ብዕር አመል አለው። ከሆዱ ቀለሙ ሲጎድል በቦታው አየር ይገባል፤ እጅሽ ሲሞቅ አየሩ ይሞቅና ቀለሙን ገፍቶ ያስተፋዋል። ሙሉ ሲሆን ጨዋ ነው፣ ሲጎድል ይተፋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሕግ፣ ጎዶሎ ብዕር ይዘሽ በሽተኛ ፊት አትቀመጪ። ሁለተኛው፣ በሐሩር ቀንዱ እንዳይሰነጠቅ ዘይት ቀቢው። ሦስተኛውን ሲነግሩኝ ምክንያቱን በቅጡ አላብራሩም። «በቀይ አትጻፊ» አሉ። «ቀይ የአምላክ ስም የሚጻፍበት ነው።» እኔም የሽማግሌ ወግ ነው ብዬ አለፍኩት።

አገር ቤት ሰው ይፈራን ነበር። አባቴ ማረሻ ሊሸጥ ገበያ ሲወጣ እናቶች የልጆቻቸውን ፊት በነጠላ ይሸፍኑ ነበር፤ የቀጥቃጭ ዓይን ይበላል እያሉ። ያ ነገር እስከ ዛሬ ያመኛል። እዚህ መጥቼ የቀጥቃጭ ልጅ የሠራውን ብዕር ስይዝ ግን የፈራሁት እኔው ነኝ። አንድ ግማሽ ክብ ሙሉ ክብ ብትሆን ሰው ትገድላለች። ላልተማሩት አወሳሰዱን የምንስለው በክብ ነበርና፤ ሙሉ ክኒን ሙሉ ክብ፣ ግማሽ ክኒን ግማሽ ክብ።

ከያቭኔ ወደ ገዴራ ተዛወርኩ። እዚያ የነበረው አለቃ ሰዓት የሚወድ ሰው ነው፤ በሽተኛ «እንደምን ዋሉ» ሲባባል እሱ የግድግዳውን ሰዓት ያያል። በእሱ ጥድፊያ አንድ ቀን ቀለም ሳልሞላ ተቀመጥኩ። አቶ ታረቀ የሚባሉ ሽማግሌ የዓይን ሞራ ሊገፈፍላቸው ነው፣ ጠብታውን እየጻፍኩላቸው ነው። ብዕሩ ተፋ። ስማቸው ላይ አንድ ትልቅ ጠብታ ዝርግፍ አለ። አቶ ታረቀ ባልታመመው ዓይናቸው ጎንበስ ብለው አዩትና ኮፍያቸውን አነሱ። «ስሜ ጠፋ። እኔ ከዚህ በኋላ ቢላ አላስነካም» ብለው ሊሄዱ ተነሡ። አለቃዬ «ምን ሆነ? ወረቀት ቀይሪለት» ይላል። ወረቀት መቀየሩ አይደለም ነገሩ። እኔ ብዕሩን እፊታቸው ፈትቼ አጠብኩት፣ ሞላሁት፣ ስማቸውን ሦስቴ ንጹሕ አድርጌ ጻፍኩላቸውና የተበላሸውን ለራሳቸው ሰጠኋቸው። ቀድደው ኪሳቸው ከተቱት። ሄዱ፣ ታከሙ፣ አዩ። እኔ ግን ያን ለት ከአቶ ታረቀ የበለጠ ደንግጬ ነበር፤ ሰዎቻችን ወረቀቱን ከእኔ ለየት አድርገው እንደሚያነቡት ያኔ ሊገባኝ ይገባ ነበር።

የመጨረሻው ቦታዬ ቂርያት ማላኪ ሆነ፣ የምኖርበት ከተማ። እዚህ ደግሞ በሽተኛው ሁሉ ጎረቤት ነው፤ ክሊኒክ ያልጠየቀሽን ሱቅ ውስጥ ይጠይቅሻል። ከሁሉ የምቀርባቸው እማማ ውባለም ነበሩ። ከእኔ ሕንፃ ሁለት ሕንፃ አልፎ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። ልባቸው ውስጥ አርቴፊሻል በር ገብቶላቸዋል፤ ደማቸው እዚያ ላይ እንዳይረጋ የደም ማቅጠኛ ክኒን ይውጣሉ። ይህ ክኒን ክፉ ነው። ሲያንስ ደም ይረጋና ወደ አንጎል ይሄዳል፤ ሲበዛ ደም አልቆም ይላል። በየሳምንቱ እየተመረመሩ አወሳሰዱ ይቀያየራል። በየሳምንቱ የምጽፈው እኔ ነኝ። እሑድ በመጣ ቁጥር ግማሹንና ሙሉውን ክብ ሁለቴ እያስተያየሁ ነበር የምስለው።

የዚያን ጊዜ አለቃችን ሪቭቃ የምትባል ነርስ ነበረች፤ ሥራዋን የምትወድ፣ ሰው የማታስቀይም። አንድ ቀን ሰበሰበችንና «ከዛሬ ጀምሮ ማስጠንቀቂያ ሁሉ በቀይ ይጻፍ» አለች። ለሁሉም ነው፣ ለሩሲያኛውም ለዕብራይስጡም። ትክክል ነው፤ ቀይ መብራት ሲበራ መኪና ይቆማል። የአያ ፈረደ ሕግ ትዝ ብሎኛል። አለቃ ፊት ግን «እኛ ዘንድ ቀይ እንዲህ ነው» ብዬ ማስረዳት አፈርኩም፣ ፈራሁም። ብዕሬን አጥቤ ቀይ ሞላሁ።

በዚያው ሳምንት የእማማ ውባለም ደም በጣም ቀጥኖ ተገኘ። ሐኪሙ ክኒኑን ቀነሰው፤ በየቀኑ ሙሉ የነበረው በየቀኑ ግማሽ ሆነ። ሰማያዊውን ጽፌ፣ ብዕሩን አጥቤ፣ ከሥሩ በቀይ «ከዚህ በላይ እንዳይወስዱ» ብዬ አሳምሬ ጻፍኩ። በሰያፉ አፍ ቀዩ ቀለም ሲወርድ ያምራል፣ እውነቱን ለመናገር። እማማ ውባለም ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ለዓይናቸው አስጠግተው አዩት።

«ለእኔ ነው ይሄ?» አሉ።

«ለእርስዎ ነው፣ እማማ። በሉ ይንገሩኝ።»

«ግማሽ ጠዋት ጠዋት። ከዚያ በላይ የለም።»

አልተሳሳቱም። ወረቀቱን ሳም አድርገው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ። ወረቀት የሚስም ሰው ብዙ ነው፣ ልብ አላልኩትም።

በሳምንቱ ለደም ምርመራ አልመጡም። ስልክ ብደውል አይነሣም። ሌላ ሰው ቢሆን ረስቶ ነው ይባላል፤ እማማ ውባለም ግን ከክሊኒኩ በር መከፈት ቀድመው የሚደርሱ ሰው ናቸው። ለሪቭቃ ነግሬያት ወጣሁ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ሕንፃቸው ሥር ስደርስ ወደ መስኮታቸው ቀና አልኩ፤ መጋረጃው ተዘግቷል። ደረጃውን ስወጣ አላረፍኩም። በልቤ «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» የሚለው ብቻ ይመላለሳል። አንኳኳሁ። ጆሮዬን በሩ ላይ ለጠፍኩ፤ ውኃ ሲወርድ ይሰማል፣ የቧንቧ ውኃ። «እማማ! አበራሽ ነኝ!» አልኩ። ውኃው ቆመ።

በሩን ራሳቸው ከፈቱት። ፎጣ አፍንጫቸው ላይ ይዘዋል፤ ፎጣው ነጭ ነበረ፣ አሁን ነጭ አይደለም። ክንዳቸው ከክርን እስከ አንጓ በልዞ ሰማያዊ ሆኗል። ማንም አልነካቸውም።

«አትደንግጪ ልጄ። ነስሮኝ ነው። ይቆማል» አሉኝ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከትናንት።»

አምቡላንስ ጠራሁ። አድራሻውን ሁለቴ አሳስቼ ተናገርኩ፣ እኔ የምኖርበትን ሰፈር። እማማን ወንበር ላይ አስቀምጬ አፍንጫቸውን ይዤላቸው ሳለ ጠረጴዛው ላይ አንድ ብርጭቆ አየሁ። ከሥሩ ትንሽ ውኃ ቀርቶበታል፤ ወደ ሮዝ ያደላ ውኃ። አጠገቡ ወረቀቴ ተዘርግቶ ደርቋል። ባዶ ነው። ሰማያዊውም ቀዩም የለም፤ ግማሽ ክቡ ብቻ እንደ ጥላ ይታያል።

ያን ጊዜ ገባኝ። አገር ቤት ደብተራው በቀይና በጥቁር የጻፈውን አጥበው ለታመመ ያጠጣሉ። እናቴም አጠጥታኛለች። እማማ ውባለም ማስጠንቀቂያዬን ጠጥተውታል።

ሆስፒታል ልጃቸው ዝናሽ ከሥራ ልብሷ ጋር መጣች፤ ጋን ያቭኔ አንድ ማሸጊያ ቤት ትሠራለች። ወረቀቱን ይዤ ስለነበር አሳየኋት። አገላበጠችው። «ማ ዜ? ምንድን ነው ይሄ? ምን ጽፈሽ ነው የሰጠሻት?» አለችኝ። «ግማሽ እንዲወስዱ» አልኩ። «የታለ ግማሹ?» አለች። እንደ ጥላ የቀረችውን ግማሽ ክብ በጣቴ አሳየኋት። ሐኪሙ ወጥቶ እማማ ሙሉውን ክኒን ሲውጡ እንደቆዩ ከደማቸው እንደታወቀ፣ ደማቸው እንዲረጋ መድኃኒት እንደሰጧቸው፣ ሆድ ዕቃቸው ውስጥም እየደሙ እንደሆነ፣ ደሙን በጣም ካረጉት ደግሞ የልባቸውን በር ሊዘጋው እንደሚችል ነገረን። አስተረጎምኩ። በሥራ ዘመኔ እንደዚያን ቀን ምላሴ የከበደኝ ጊዜ የለም። ዝናሽ እናቷ ይሙቱ ይኑሩ የምትሰማው ከእኔ አፍ ነው፤ ከዚያችው ወረቀቱን ከጻፈችው።

በማግስቱ ያቭኔ ሄድኩ፣ አያ ፈረደ ቤት። ጡረታ ወጥተው በረንዳ ላይ ይቀመጡ ነበር። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። እጃቸውን ዘረጉ፤ ብዕሩን ሰጠኋቸው። አፉን በአውራ ጣታቸው ጥፍር ዳሰሱት፣ ስንጥቁን ወደ ብርሃን አዩት።

«ብዕሩ ደኅና ነው» አሉ። «በቀይ ጻፍሽ?»

«አለቃዬ አዘዘችኝ። አያ፣ መልሼ ጠይቄያቸዋለሁ እኮ። አሳምረው ነግረውኛል፣ ግማሽ ብለው።»

«ከነገሩሽማ ያውቁታል። ታዲያ አውቀው ለምን ሙሉውን ዋጡ?»

«እኔ ምን አውቄ።»

«ምን እንደሚፈሩ ጠይቀሻቸዋል?»

አልጠየቅኋቸውም። በሥራዬ ሁሉ ማንንም ጠይቄ አላውቅም። የእኔው ፍርሃት ቦታውን ሁሉ ይዞት የሌላ ሰው መግቢያ አልነበረውም። አያ ፈረደ የልጆች ወንበር ላይ ይቀመጡ የነበረው ለካ ይህንን ለመጠየቅ ነው። ሲጠይቁ ስሰማ ኖሬ ወግ ይመስለኝ ነበር። «ሂጂና ጠይቂያቸው» አሉኝ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ፍርሃትም በሽታ ነው።»

እማማ ውባለም በሦስተኛው ቀን ዓይናቸውን ገልጠው ተናገሩ። ፊታቸው እንደ ወረቀቱ ነጥቷል። ወንበር የለም፤ አልጋው ሥር መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ነርሷ አየችኝና አለፈች።

«እማማ፣ ምን ፈርተው ነው?» አልኳቸው።

አንሶላውን ወደ አገጫቸው ሳቡ። ከዚያ ባላቸውን አነሡ። አቶ ተገኘ ማዕድ ላይ ተቀምጠው ሳለ አፋቸው ጠመመ፣ እጃቸው ወደቀ፣ ሳይናገሩ አንድ ክረምት ተኝተው ሞቱ። ያጠቧቸውም ያበሏቸውም እማማ ናቸው።

«ደሙ ረግቶ ነው አላችሁኝ» አሉ። «እኔም ያንን እንዳልሆን ክኒኑን ሰጣችሁኝ። ኋላ ደግሞ ቀነሳችሁብኝ። ግማሹን ብውጥ ተገኘ የሆነውን ልሆን ነው። እኔን ማን ያጥበኛል? ዝናሽ ሥራ ላይ ናት። ስለዚህ ሙሉውን ዋጥኩ። ሙሉው ይጎዳሻል ብላችኋላ፣ እሱም አስፈራኝ። አንቺ በቀንድ ብዕር በቀይ የጻፍሽልኝ አለ። እሱ ይጠብቀኛል ብዬ አጥቤ ጠጣሁት።»

«እማማ፣ እሱ እኮ የመድኃኒቱ አወሳሰድ ነው።»

«አውቃለሁ። ሞኝ አታድርጊኝ» አሉ። «ክኒኑን በውኃ ዋጥኩት። ፍርሃቱን በምን ልዋጠው?»

አልቅሼ አላውቅም በሽተኛ ፊት። ያን ለት መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ እሳቸው የበለዘውን እጃቸውን አናቴ ላይ አኖሩ።

ዳኑ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ክሊኒኩ ጉዳዩን ጠይቆ መረመረ፣ ጽፎ ዘጋው። ሪቭቃ «ከእንግዲህ በኮምፒዩተር ብቻ ይታተም» ልትል ነበር። ቁጭ ብዬ ስለ ቀዩ ነገር ከሥር ከመሠረቱ ነገርኳት። ይህን የመጀመሪያው ቀን ማድረግ ነበረብኝ። ሰምታ ስታበቃ «እሺ፣ ለእናንተ ቀይ አይኑር» አለች። የታተመውም የእኔውም አብረው ይሰጡ ጀመር። እኔም ከልጆች ክፍል ዝቅ ያለች ወንበር ለምኜ አመጣሁ። ከዚያ በኋላ ብዕሬን ሳልከፍት አስቀድሜ «ምን ይፈራሉ?» እላለሁ። የማትገምቺውን ይነግሩሻል። አንዱ ስኳሩን ሳይሆን መርፌውን የልጅ ልጁ እንዳያይበት ይፈራል። አንዷ ክኒኑ ተረሳ ብሎ የሚቆጣትን ባሏን ትፈራለች። እማማ ውባለም ከዚያ ወዲያ ብዙ ዓመት ኖረው በዕድሜያቸው አረፉ። በየሳምንቱ ግን ወረቀቱን ሲቀበሉ ፈገግ ብለው «ዛሬ የሚጠጣ አይደለም?» ይሉኝ ነበር። የእኔ ፍርሃት አልቀነሰም፤ ጓደኛ አገኘ እንጂ።

አያ ፈረደም አርፈዋል። እኔም ጡረታ ወጣሁ፣ ብዕሩ ከመሳቢያ ገባ።

ባለፈው ወር ሐኪሜ ልቤን በማሽን ሲያዳምጥ ቆየና የልቤ በር መጥበቡን ነገረኝ። ኒቱአህ ያስፈልጋል፣ ቀዶ ጥገና። እሑድ ነው። እንደ እማማ ውባለም በር ሊያስገቡልኝ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያ ክፉ ክኒን የእኔ ይሆናል። ሐኪሙ መልካም ልጅ ነው፣ ሥዕል ስሎ አስረዳኝ። ልጄ ኦርሊ ሁሉንም በስልኳ ጻፈች፤ ከመቼ ጀምሮ እንደምጾም፣ የትኛውን ክኒን እንደማቆም። «ኢማ፣ ሀኮል ቤሰደር፣ እማዬ ሁሉም ደኅና ነው፣ ሁሉም እዚህ አለ» አለችኝ። እኔም «ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ። ስናገረው ሰማሁት። ስንት ሰው እንዲህ ብሎኝ አላመንኩትም።

ምን እንደምፈራ የጠየቀኝ የለም።

ዛሬ ዓርብ ነው፣ ከሰዓት በፊት። ኦርሊ ወጥ ቤት ውስጥ የሰንበቱን ምግብ ታዘጋጃለች። መሳቢያውን ከፈትኩ። ቀንዱ ደርቆ በክዳኑ በኩል ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አውጥቷል፤ ዘይት ቀባሁት። አፉ ውስጥ ቀለም ደርቋል፤ ለብ ባለ ውኃ ደጋግሜ አጠብኩት፣ ውኃው እስኪጠራ። ከዚያ ቀይ ሞላሁ። ሞልቼ ሞልቼ ጢም አደረግሁት፣ እንዳይተፋ። በሰያፉ አፍ ላይ ስጫን ቋሚው ወፈረ፣ አግዳሚው ቀጠነ፣ እንደ ድሮው። «እንዳልነቃ እፈራለሁ» ብዬ ጻፍኩ። ሌላ አልጨመርኩም።

ብርጭቆ ውኃ ቀድቼ ወረቀቱን አጠፍኩና ከተትኩት። ቀዩ ቀስ እያለ ወረደ። ኦርሊ እጇን በፎጣ እየጠረገች ስትገባ ብርጭቆው አፌ ላይ ነበር።

«ምንድን ነው የምትጠጪው?» አለችኝ።

ዝቅ ያለ ወንበር ቤቴ የለም። «ነይ እዚህ ቁጭ በይ» ብዬ ከአልጋዬ ጫፍ አስቀመጥኳት፣ እኔ ምንጣፉ ላይ ወርጄ። ጉልበቴ ተንቋቋ። ፊቷን ከሥር አየሁት። ስልኩ እጇ ውስጥ ነው፣ አጥብቃ ይዛዋለች።

«አንቺ ምን ትፈሪያለሽ?» አልኳት።

«እኔ? ክሉም» ብላ ጀመረች። ምንም ማለቷ ነው። ከዚያ ስልኩን ገልብጣ ያዘችው። «እንዳትነቂ» አለች።

የእማማ ውባለምን ነገር ነገርኳት። ከዚያም ብርጭቆው ውስጥ ያለውን ነገርኳት። ትስቃለች ብዬ ነበር፤ እንዲህ ባለ ነገር የምትስቅ ልጅ ናት። ግማሽ ያህል ቀርቶ ነበር። ስልኩን አልጋው ላይ አኖረችና ብርጭቆውን ከእጄ ወስዳ ጨለጠችው።

«ይመራል» አለች።

«ይመራል» አልኳት።

እማማ ውባለም ግን ይመራል ብለውኝ አያውቁም።